ፈጪውና ገልባጩ

ማሽኑ ወደ ወረዳችን የመጣው በአንድ ፕሮጀክት መኪና ላይ፣ እንደ ኮርማ በአራት ማዕዘን በገመድ ታስሮ ነው። ሁለት ጎማ፣ ሁለት ረጃጅም እጀታ፣ መሐል ላይ የናፍጣ ሞተር፤ ሰው ከኋላው እየተራመደ የሚነዳው ትንሽ ትራክተር ነበር። ለአትክልት ቦታ የተሠራ ነው ተባልን። መንዝ ውስጥ የአትክልት ቦታ የሚባለው ከቤት ጓሮ ያለ የጎመን መደብ ስለሆነ፣ ማሽኑ ምን ሊሠራልን እንደመጣ ያወቀ ሰው አልነበረም። ገበሬው ባየው ዕለት "የብረት አህያ" አለው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

እኔ ያን ጊዜ የግብርና ባለሙያ ነበርኩ። ዘመኑ የአንድ ለአምስትና የግምገማ ዘመን ነው፤ ሰው ሁሉ በአምስት በአምስት ተደራጅቶ ስለ ድክመቱ ይናገራል። የእኔ ድክመት በየግምገማው ያው አንድ ነበር፦ "ተነሳሽነት ይጎድለዋል።" ስለዚህ ማሽኑን የሚረከብ ሰው ሲጠፋ እጄን አወጣሁ። ሦስት ቀን ሠለጠንኩ። አሠልጣኙ ከቆላ የመጣ ሰው ሲሆን ያሠለጠነን ወንዝ ዳር ባለ አሸዋማ ቦታ ላይ ነው። ማሽኑም እዚያ አሸዋ ላይ ምንም አላስቸገረም።

ከማሽኑ ጋር ሁለት ተቀጣይ ዕቃ መጥቷል። አንደኛው ብዙ ጠማማ ቢላዎች ያሉት የሚሽከረከር ዘንግ ነው፤ አፈሩን ከነሣሩ ከትፎ ከትፎ ያደቀዋል። ሁለተኛው አንድ ትልቅ የጎበጠ ብረት ነው፤ ሣሩን ከነአፈሩ ቆርሶ በጀርባው ያስተኛዋል እንጂ አይከትፍም። አክስቴ በኋላ "ፈጪው" እና "ገልባጩ" አሏቸው። መመሪያው ላይ ካለው ስም የተሻለ ስለሆነ እኔም በዚያው እጠራቸዋለሁ። ገና ሳያቸው የፈጪው ወገን ሆንኩ፤ ገልባጩን ዕቃ ግምጃ ቤት አስገባሁት።

ምክንያት ነበረኝ። በእኛ አገር ሣር የወረሰው መሬት ሲታረስ ጓሉ፣ ማለትም ከነሣር ሥሩ ተቆርሶ የወጣው አፈር፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ከዚያ ሴቶች ይሰበስቡትና እንደ ትንንሽ ጎጆ ይከምሩታል፤ ከሥሩ ኩበት ከትተው ያቃጥሉታል። ክምሩ ለቀናት ሲጨስ ይሰነብታል፣ አፈሩ ይቀላል፣ በላዩ የተዘራው ገብስም ሌላ ቦታ እንደዚያ ሆኖ አይበቅልም። ኮሌጅ ስገባ ይህ ሥራ "ጎጂ ልማዳዊ አሠራር" ተብሎ ግማሽ ገጽ ላይ ተጽፎ አገኘሁት። አፈሩን ያደኸያል ይላል። እውነት ነው፤ እየቆየ ያደኸያል። እኔም በዚያ ጢስ አድጌ፣ በዚያ ገብስ ጠንክሬ፣ ተመልሼ ልከለክል መጣሁ። ብከለክል የሰማኝ የለም። ፈጪውን ሳይ ግን አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ጓል ከሌለ የሚቃጠል ነገር የለም። በዚህ ብልሃቴ ኮራሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት አክስቴ ዘንድ ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ከቀየት ገበያ ወዲያ፣ ነፋስ በማያርፍበት ሜዳ ጫፍ ላይ ይኖራሉ። ባላቸው ከሞቱ ሦስተኛ ዓመታቸው ነበር። በሬዎቹ በተዝካሩ አልቀዋል፤ አንዲት ልጃቸው አግብታ ራቤል ሄዳለች፤ ከቤቱ ፊት ለፊት ያለው አንድ ጥማድ መሬት ከዚያ ወዲህ ማረሻ አልነካውም። ሣሩ ወርሶታል። ሕጉ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ጦም ያደረ መሬት ተወስዶ መሬት ለሌለው ይሰጣል ይላል። የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ከፋሲካ በኋላ እየዞረ እንደሚያይ አስነግሯል። ኮሚቴው መሬቱን ካየ በኋላ ድንበርተኛውን ይጠይቃል፤ ድንበርተኛው ያለው ይጸናል።

አክስቴ አረንጓዴውን የይዞታ ደብተር በላስቲክ ጠቅልለው ከዳዊቱ ጋር ነው የሚያኖሩት። አውጥተው አሳዩኝና፣

"ይቺ መሬት ከሄደች እኔ የማን ነኝ?" አሉኝ።



ለሌላ ሰው ማሳረስ ይቻላል። ዋርሳቸው፣ የባላቸው ታናሽ ወንድም ማለት ነው፣ ድንበርተኛቸው ናቸው። ሁለት ደህና በሬ አላቸው፤ "ለእኩል ልረስልዎት" ካሉም ቆይተዋል፤ ምርቱን ለሁለት ተካፍለው። ደብተሩ ላይ ባለመሬቷ አክስቴ ሆነው ይቀራሉ። በሰፈሩ አፍ ግን መሬት የሚጠራው ባረሰው ሰው ነው። ሦስት ዓመት ያረሰ ሰው በአራተኛው "የእገሌ ማሳ" ይባልለታል፤ በአምስተኛው ነገሩ ለሽማግሌ ይደርሳል። ደግሞ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ድንበሩ ላይ ያለው ድንጋይ አንድ ክንድ ያህል ወደ አክስቴ በኩል ተራምዷል። ዋርሳቸው "ጎርፍ ነው" ይላሉ። ድንጋዩ ያለው ጉብታ ላይ ነው።

አክስቴ ራሳቸው እንዳያርሱ ሴት ናቸው። በእኛ ሰፈር ሴት ጓል ትከሰክሳለች፣ ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ ነዶ ትሸከማለች፤ ሞፈር ግን አትጨብጥም። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ አልሰማሁም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

"አይዞዎት እትዬ" አልኳቸው፣ "በአንድ ቀን ዱቄት አደርግልዎታለሁ።"

"ከመሬት ዱቄት ማን ፈለገ?" አሉኝ። እንደ ምርቃት ቆጠርኩት።

የካቲት ላይ ዝናብ ጣል ባደረገ ማግስት ማሽኑን ይዤ ሄድኩ። ሞተሩ ሲነሣ የሰፈሩ በግ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሸሸ። ፈጪው ሣሩ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ እንደ ፍየል ዘለለ፣ ከዚያ ነከሰ። አንድ ቦታ ላይ አራት ጊዜ፣ አንዳንዱ ላይም አምስት ጊዜ ተመላለስኩ። እስከ ማታ ድረስ መሬቱ ጥቁር፣ ልስልስ፣ በጣት የሚበተን ሆነ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ማሳ አላየሁም። ማሽኑን አጥፍቼ የአክስቴን ምስጋና ለመቀበል ተዘጋጀሁ።

አክስቴ ከዳር እስከ ዳር ተመላለሱ። ጎንበስ አሉ፤ በእጃቸው ዳበሱ።

"ጓሌን የት አደረስከው?"

"ጓል አያስፈልግም እትዬ። ተፈጭቷል።"

"ምኑን ነው የምከምረው?"

"አይከመርም።"

"ምኑን ነው የማቃጥለው?"

"አይቃጠልም። አፈሩን ይጎዳል።"

ቀና ብለው አዩኝ። አያቴ ታቦት ፊት ሳቅኩ ብለው በልጅነቴ ያዩኝ አስተያየት ነው። ዋርሳቸው ከድንበሩ ወዲያ ቆመው ሲያዩ ውለው ነበርና መጡ። እፍኝ አፈር አነሡ፤ ነፋሱ ከእጃቸው ላይ ወሰደው።

"ደህና አድቅቃችሁታል" አሉ፤ "ውሃ ጨምራችሁ ብታቦኩት ምን ነበር?"

ቢሮ ተመልሼ ሪፖርት ጻፍኩ። "በተሳካ ሁኔታ" የሚለው ቃል ሦስት ቦታ ገብቷል። በግምገማው ላይ ተነሳሽነቴ መሻሻሉ ተነገረ።

በመጋቢት አጋማሽ ከአክስቴ ዘንድ በገበያተኛ መልእክት ደረሰኝ። መልእክቱ እንዲህ የሚል ነበር፦ "ሣሩ አምሯል። በግ ካለህ ላክ።"

ሄድኩ። እውነትም አምሯል። ፈጪው የሰርዶውን ሥር በሺህ ቦታ ቆራርጦ በእኩል ዘርቶታል፤ ትንሿ ዝናብ ስትጨመርበት እያንዳንዱ ቁራጭ ለየራሱ በቅሏል። ድሮ ሣሩ እዚህም እዚያም መላጣ ነበረው። አሁን መላጣ የሚባል የለውም። ከመንገድ ለሚያየው ሰው መሬቱ ሦስት ዓመት ሳይሆን ከኖኅ ጀምሮ ያልታረሰ ይመስላል። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየው በሬ ማን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

አክስቴ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ፋሲካ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው።

"ኮሚቴው ይህን ሲያይ ምን ይላል?" አሉ።

"እኔ መሰክራለሁ። ሪፖርትም አለ።"

"ሪፖርትህ ሣሩን ያጭደዋል?"

አፈርኩ። የሦስት ቀን ሥልጠናዬን ይዤ መጥቼ የአንዲት መበለት መሬት ላነጥቅ ነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሲነጋ የገልባጩን ነገር አሰብኩ።

ገልባጩ ግምጃ ቤት አልነበረም። የመዝገብ ቤቱ በር ነፋስ እየከፈተው ስላስቸገረ፣ ሠራተኞቹ በእሱ አስደግፈውታል። የንብረት ክፍሉ ሰው ሊሰጠኝ ፈቃደኛ ነበር፤ ግን በሩስ? አለኝ። ከወንዝ ድንጋይ ተሸክሜ አመጣሁለት። ድንጋዩን አገላብጦ ካየ በኋላ ተቀበለኝ። ማሽኑን ደግሞ ለሁለት ቀን ብቻ ነው የሰጡኝ፤ በሦስተኛው ቀን ማለዳ ሌላ ቀበሌ ይፈልገው ነበር። የመጀመሪያው ቀን በመንገድ አለቀ። ናፍጣ ሞላሌ ሄጄ ነው የገዛሁት።

በሁለተኛው ቀን ማለዳ ገልባጩን አሰርኩ። ሞተሩን አስነሥቼ ፍሪሲዮኑን ስለቅ ብረቱ ሣሩ ውስጥ ገባ፤ ማሽኑ ግን አልሄደም። ጎማዎቹ እዚያው ቦታቸው ላይ እየተሽከረከሩ ጉድጓድ ቆፈሩ። ማሽኑ ክብደት የለውም፤ ለጎመን መደብ የተሠራ ነው። አክስቴ ትንሽ ካዩ በኋላ ከአጥሩ ላይ ድንጋይ አንሥተው መጡ። ሞተሩ ፊት ለፊት ላይ አስቀመጡትና በጠፍር ጠፍረው አሰሩት። ሌላም ጨመሩ። አራተኛው ድንጋይ ላይ ማሽኑ ሄደ። ይህ ነገር በመመሪያው ውስጥ የለም።

ሣሩ ከነአፈሩ ተቆርሶ እንደ በግ ለምድ ተገልብጦ ተኛ። ሥሩ ወደ ሰማይ፣ ቅጠሉ ወደ ታች። አክስቴ ጎንበስ ብለው አንዱን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

"ይኸውልህ" አሉ፣ "ጓል ማለት ይህ ነው።"

ስድስተኛው ትልም ላይ ብረቱ ከሥር የተቀበረ ድንጋይ መታ። እጀታው ተወርውሮ ጎኔን አገኘኝ። ትንፋሼ ጠፋ፤ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ፤ ልነሣ ብሞክር አልቻልኩም። ቀኑ ገና ረፋዱ ነው፤ የታረሰው ስድስት ትልም ነው።

ዋርሳቸው ከድንበሩ ወዲያ በሬዎቻቸውን ጠምደው ቆመዋል። ለምን እንደጠመዱ ማንም አልጠየቃቸውም። ቀስ ብለው መጡና ከላዬ ቆሙ።

"የብረት አህያም ትራገጣለች ለካ" አሉኝ። ከዚያ ወደ አክስቴ ዞረው፣ "አንቱ፣ ይበቃል። እኔ ዛሬውኑ ልግባበት። ለእኩል ነው፤ የወንድሜ ቤት ነው፤ ሌላ ምን አስቤ?"

አክስቴ ድንበሩ ላይ ያለውን ድንጋይ አዩ። እኔን አዩ። መቀነታቸውን ፈትተው እንደገና አጥብቀው ታጠቁ፤ መዳፋቸው ላይ እንትፍ አሉና ሁለቱን እጀታ ያዙ።

"ኧረ በማርያም!" አሉ ዋርሳቸው። "ሴት ሞፈር ይጨብጣል?"

"ሞፈሩን ያሳዩኝ" አሉ አክስቴ።

ዋርሳቸው ማሽኑን ዞሩት። ከፊት አዩ፤ ከኋላ አዩ፤ ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ። ሞፈር የለም። ቀንበር የለም። ሁለት ጎማ፣ አራት ድንጋይና ጠፍር ነው ያለው። ይህን ጊዜ ወደ ድንበራቸው ተመልሰው ቆሙ።

እኔ ከተቀመጥኩበት ሆኜ፣ "ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ!" እያልኩ እጮሃለሁ። አክስቴ በሕይወታቸው ፍሪሲዮን ነክተው አያውቁም፤ አራሽ ሲያርስ ግን ሠላሳ ዓመት ምሳ ሲያደርሱ ሰምተዋል። ስለዚህ ሞተሩን "ሂድ! ተመለስ! ተው አንተ!" እያሉ ነዱት። ጫፍ ላይ ሲዞሩ ሁለት ጊዜ ወደቁ፤ አንድ ጊዜ ማሽኑ ብቻውን ትንሽ ሄዶ አጥሩ ላይ ቆመ። ትልማቸው ወደ ቀኝ ይሄድና ይመለሳል፣ ወደ ግራ ይሄድና ይመለሳል። ቢሆንም ጓሉ ይገለበጣል። ቀትር ሆነ፤ እህል አልቀመሱም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመጨረሻውን ትልም ጨርሰው እጀታውን ለቀቁ፤ እጃቸው ግን ጣቶቹ እንደታጠፉ አልዘረጋ ብሎ ቆየ። ዋርሳቸው በሬዎቻቸውን የፈቱት ከዚያ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሳምንት ፀሐይ ሆነ። ጓሉ ደረቀ። አክስቴ መከመር ጀመሩ፤ እኔ ጎኔን በጋቢ ታስሬ ኩበት አቀበልኩ። ኩበቱ ከጎረቤት ሁሉ ተለምኖ የመጣ ነው፤ ላም ባልዋለበት ኩበት መልቀም ይሉሃል ይህ ነው። ጎጂ ልማዳዊ አሠራርን እንዳስወግድ ደመወዝ የሚከፈለኝ ሰው በሁለት እጄ እሳት ለኮስኩ። ስለኩስ ወደ መንገዱ እያየሁ ነበር፣ ከወረዳ የሚመጣ ሰው እንዳይኖር። ጢሱ ከማሳው ላይ ተነሥቶ ሜዳውን ሁሉ ሸፈነ። የልጅነቴ ሽታ ነው፤ ደስ አለኝ። በዚያ ደስታዬም ትንሽ አፈርኩ።

ኮሚቴው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ መጣ። ሰብሳቢውና ጸሐፊው ናቸው፤ ዋርሳቸውም እንደ ድንበርተኛ ተጠርተው መጥተዋል፤ ጸሐፊው ጎልማሳ ነው፣ ቅጹን በካርቶን ላይ አጣብቆ ይዟል። መሬቱ ላይ የቀላው የተቃጠለ አፈር በየቦታው ተከምሯል። መታረሱን ማንም አልተጠራጠረም። ቅጹ ግን ሌላ ጥያቄም ነበረው።

"ያረሰው ማነው?" አለ ጸሐፊው።

"የቢሮው ማሽን ነው" ልል አፌን ስከፍት አክስቴ ቀደሙኝ።

"እኔ።"

ጸሐፊው ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ አነሣና ሰብሳቢውን አየ። ሰብሳቢው ወደ ዋርሳቸው ዞረ።

"እርስዎ ድንበርተኛ ነዎት፤ ምን ይላሉ?"

ጎኔ ላይ ያለው ሕመም ያን ጊዜ ጠፋኝ። "እኔ ነኝ ያረስኩት" ቢሉ የማይቀበላቸው ሰው አልነበረም። ሁለት በሬ ያለው ወንድ፣ ባሏ የሞተባት ሴት መሬት አጠገብ ቆሟል፤ ሌላ ምን ይታሰባል? በሬዎቻቸውን ጠምደው መቆማቸውንም ያየ አለ። የእኔ ምስክርነት የወንድም ልጅ ምስክርነት ነው፤ ሪፖርቴ ደግሞ መሬቱ በየካቲት በፈጪው በተሳካ ሁኔታ ታርሷል ነው የሚለው። አክስቴ ደብተሩን ከነላስቲኩ ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

ዋርሳቸው ወደ ማሳው ገቡ። ከክምሮቹ መሐል አልፈው ገልባጩ የቀደደውን መስመር ከዳር እስከ ዳር ሄዱበት። ጫፉ ላይ ቆመው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በመስመሩ ላይ አነጣጠሩ። ተመልሰው መጡ።

"አርሰዋል" አሉ። "እዚያ ቆሜ አይቻለሁ።"

ጸሐፊው መጻፍ ጀመረ።

"ትልማቸው ግን ጠማማ ነው" አሉ ዋርሳቸው። "እንዲህ ያለ ጠማማ ትልም ከተወለድኩ አላየሁም።"

ጸሐፊው የመጀመሪያውን ጻፈ። ሁለተኛው የሚጻፍበት ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም። ዋርሳቸው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክተው አሳረፉና፣ ደህና ዋሉም ሳይሉ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ አክስቴን ደስ ብሏቸው አገኛለሁ ብዬ ነበር። ፊታቸው ጠቁሯል።

"እትዬ፣ መሬቱ እኮ ቀረልዎት።"

"ጠማማ ይላል እንዴ!" አሉ። "ሰው ፊት!"

"ይተዉት። ምን ያደርጋል?"

"ለባሌም እንደዚሁ ነበር የሚለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ። ምሳ ይዤ በመጣሁ ቁጥር፣ 'ወንድሜ፣ ትልምህ ጠማማ ነው' ሲለው ነው የምደርሰው።"

 የተናገሩትን ራሳቸው መልሰው የሰሙት መሰለኝ። ድንበሩ ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ፤ ደብተሩን ጭናቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ባላቸው ሲቀበሩ እንኳ እንደዚያ ሲያለቅሱ አላየሁም። እኔም አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሲበቃቸው በነጠላቸው ጠረጉና ማሳውን አዩት።

"ለከርሞ በገመድ ለክቼ ነው የማርሰው" አሉ።